አሮጌው ፒካፕ በደብሩ ግቢ፦ በእጃችን የሚሠራውና ለጋራዥ የሚተወው

በአየር ጤና አካባቢ ከሚገኙ አጥቢያዎች የአንዱ ሰበካ ጉባኤ አባላት በጥቅምት ወር ወደ ክፍላችን መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። ደብሩ ያለው ተሽከርካሪ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ አንድ ምእመን በስጦታ ያበረከቱት ቶዮታ ሂሉክስ ፒካፕ ነው። ዕጣንና ጧፍ ያመላልሳል፤ ለነዳያን የሚታደለውን እህል፣ ለሕንፃው የሚያስፈልገውን ሲሚንቶ ይጭናል፤ በሌሊት ምጥ የያዛትን እናት ሆስፒታል ያደረሰበት ጊዜም አለ። አሁን ግን ሞተሩ እየጋለ ያስቸግራል፤ ጠዋት ጠዋትም በቀላሉ አይነሣም። ከጉባኤው አባላት ገሚሱ «ይሸጥ» ሲል ገሚሱ «ይጠገን» ይላል። እኛ ምን እንመክራለን?

ይሸጥ የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ክብደት ይኖረው ነበር። ዛሬ ግን በምትኩ የሚገዛው ከየት ይመጣል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ወደ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደ ደረሰ ሶማሌ ተራ ደርሶ የተመለሰ ሁሉ ያውቀዋል። በየአጥቢያው ግቢ የቆመው አሮጌ ፒካፕ እንግዲህ እንደ ንዋየ ቅድሳት ባይሆንም እንደ አንድ የደብር ሀብት ተቆጥሮ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ስለዚህ መልሳችን «ይጠገን» የሚል ሆነ፤ ነገር ግን ከጥገናው በፊት ማን ምን እንደሚሠራ ይለይ አልን።

በአንድ ማክሰኞና በአንድ ሐሙስ፣ ከአጥቢያው ምእመናን አንዱ የሆኑ ጡረተኛ መካኒክ ባሉበት፣ ኮፈኑን ከፍተን አየነው። እኚህ አባት ከአርባ ዓመት በላይ በጋራዥ የኖሩ ናቸው። ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ እያሉ ሲናገሩ ዲያቆናቱ ፈገግ ይሉ ነበር። የጋራዥ ቋንቋችን ከኢጣልያንኛ የተወረሰ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ነገር ግን ለዕቃ ግዢ የሚላክ የኮሚቴ አባል እነዚህን ስሞች ማወቁ ይጠቅመዋል። ሻጩ የሚያውቀው በዚህ ስማቸው ነውና።

የመጀመሪያው ነገር ሙቀቱ ነበር፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንቆያለን፤ አሮጌ የናፍጣ ሞተርን ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው ሙቀት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላ ለመቀቀል ረዥም ጊዜ የሚወስድብን በዚሁ ምክንያት ነው። የሞተር ውኃ ደግሞ በደኅና ጊዜም ቢሆን የሚሠራው በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዲግሪ መካከል ነው። እንዲህ ከሆነ መኪናችን በየቀኑ ለምን አይፈላም? መልሱ ያለው በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው።

ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም። ከውስጡ ምንጭ ብረትና ላስቲክ አለው፤ በላዩም 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይነበባል። ይህ ቁጥር ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ የሚይዝበት የግፊት መጠን ነው። በትክክል የሚይዝ ክዳን በከተማችን ከፍታ ውኃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ እንዳይፈላ ያደርገዋል። ላስቲኩ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ከሌላ መኪና የተነሣ ክዳን ግን ራዲያተሩን ወደ ክፍት ድስት ይለውጠዋል፤ ያን ጊዜ ውኃው ሞተሩ ገና በሚሠራበት ሙቀት ላይ ሳለ ይፈላና ይወጣል። የአየር ጤናው ፒካፕ ክዳን ቁጥሩ የማይነበብ፣ ላስቲኩም እንደ ደረቀ እንጀራ የሚቆራረስ ሆኖ ተገኘ። ኮሚቴው ራዲያተሩን በአዲስ ለመለወጥ ዋጋ አስጠይቆ ነበር። ክዳኑ ተለወጠ፣ ሁለት የላሉ ማኒኮቶዎች ታሰሩ፣ ውኃው ተደፍቶ በኩላንት ተተካ፤ ፒካፑም ሲሚንቶ ጭኖ እስከ ሰበታ ደርሶ ሲመለስ የሙቀት መለኪያው ከመካከል አላለፈም።

ይህን ያህል ያጠበቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀደም ሲል በሠራንበት አንድ ፕሮጀክት የነበረ ፒካፕ ለቤተ ክርስቲያን ደን የተዘጋጀ ችግኝ ሊያመጣ በጅማ መንገድ ሲጓዝ፣ ከጊቤ ሸለቆ ሽቅብ ሲወጣ ፈላ። ሾፌሩ ልቡ ቸኩሎ በጋለው ሞተር ላይ ከጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ጨመረበት። ቴስታታው ተሰነጠቀ። መኪናው ከስድስት ሳምንት በላይ በጋራዥ ቆመ፤ ችግኙም የደረሰው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለ ነበር አብዛኛው ደረቀ። ሾፌሩን ለመውቀስ አይደለም፤ እንዳይጨምር የነገረው ሰው አልነበረም። እኛም በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍተን ያየንበት ቀን አልነበረም። ስለዚህ መኪና በመንገድ ላይ ሲፈላ ጥላ ፈልጎ ማቆም፣ ሞተሩን አጥፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መታገሥ፣ ክዳኑን በጋለበት ሰዓት ፈጽሞ አለመንካት ያስፈልጋል። የታመቀው እንፋሎት ፊትና ዐይን ያቃጥላል። ከበረደ በኋላም ክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ተይዞ በመጠኑ ተላልቶ ግፊቱ ይውጣ፤ ከዚያ ውኃው ጥቂት በጥቂት ይጨመር።

ስለ ኩላንት አንድ ማሳሰቢያ አለን። ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ በራዲያተሩ ውስጥ ዝገትና ጠጠር መሰል ንጣፍ ይተዋል፤ ስለዚህ ለባትሪ ከሚሸጠው የተጣራ ውኃ ጋር እኩል በእኩል የተቀላቀለ ኩላንት ይመረጣል። ነገር ግን ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ ስለሆነ ሕፃንም ውሻም ሊጠጣው ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ በለስላሳ ጠርሙስ ተደርጎ እንዳይቀመጥ አደራ እንላለን። «ሞተሩ ስለሚግል ቴርሞስታቱን እናንሣው» የሚል ምክርም በየጋራዡ ይሰማል፤ አትቀበሉት። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍጣ ያበዛል፣ ቶሎም ያልቃል። የተበላሸ ከሆነ በአዲስ ይለወጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ ታይሚንግ ቺንጋው ነው። 2ኤል በተባለው 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተርም ሆነ በታናናሾቹ በ3ኤልና በ5ኤል ላይ፣ የላይኛውን ዘንግና የናፍጣ ፖምፓውን ከታችኛው ዘንግ ጋር አስማምቶ የሚያዞረው ከላስቲክ የተሠራ ጥርሳም ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ ሳይታሰብ ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ በአንድ ቅጽበት ሞተሩ ይፈርሳል ማለት ነው። ሲያልቅ አይጮኽም፣ አያንጠባጥብም፣ ምልክት አይሰጥም። በብዙዎቹ ሂሉክሶች ዳሽቦርድ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ፤ ይሁን እንጂ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ወይም አምፖሉ ከተቃጠለ መብራቱን መጠበቅ ከንቱ ነው። የደብሩ ፒካፕ ቆጣሪ ከቆመ ስንት ዓመት እንደ ሆነው የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። መቼ እንደ ተለወጠ የማይታወቅ ቺንጋ እንዳልተለወጠ ይቆጠራል፤ ውሳኔያችንም ከመወጠሪያው ኩሽኔታ ጋር በአስቸኳይ ይለወጥ የሚል ሆነ። ሥራው ግን የግቢ ሥራ አይደለም። ምልክቶቹ በአንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፉ ውጤቱ ከመበጠስ ስለማይለይ በባለሙያ እጅ ይሠራ።

የቀረውን በአጭሩ እናልፋለን። የሞተር ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከነፊልትሮው ይለወጥ፤ ቆጣሪ ለሌለው መኪና በየአራት ወሩ ይሁን። መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስ። ናፍጣ ፊልትሮው ከሥሩ የማፍሰሻ ቡሎን አለው፤ በተለይ በክረምት፣ ናፍጣም በበርሜል ተቀምጦ የሚቀዳ ከሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቡሎኑን ጥቂት አላልቶ፣ ከላይ ያለውን የእጅ መግፊያ እየተጫኑ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ የተጠራቀመውን ውኃ ማስወጣት ይገባል። የአየር ፊልትሮ በበጋ አቧራ ይዘጋል፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ። ክሮቼራዎቹ ግራሶ ይጠጡ። ስለ ባሌስትራ ግን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም፦ የዚህ ዓይነት ፒካፕ የሚሸከመው አንድ ቶን፣ ማለትም አሥር ኩንታል ገደማ ነው፤ በጋቢናው የተቀመጡትም በዚሁ ይቆጠራሉ። በአሥራ አምስት ኩንታል ሲሚንቶ ላይ ስድስት የጉልበት ሠራተኛ ጭኖ «ባሌስትራው ደካማ ነው» ማለት ተገቢ አይደለም።

የተቃጠለ ዘይት ወዴት ይሂድ? በአንዳንድ አጥቢያዎች በአጥሩ ሥር ሲደፋ፣ ወይም አቧራ እንዳይነሣ ተብሎ በግቢው ሲረጭ አይተናል። ያ ዘይት ከዝናቡ ጋር ሰርጎ የጠበሉን ምንጭ ሊያገኘው ይችላል፤ የደኑን አፈርም ያበላሻል። ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ አሮጌ ዘይት ለሚሰበስቡ ጋራዦች ይሰጥ።

በግቢ ውስጥ ፈጽሞ ሊነኩ አይገባም የምንላቸው ፍሬን፣ መሪ፣ የናፍጣ ፖምፓና የሻንሲ ብየዳ ናቸው። የፍሬን ዘይት መጠኑን ማየት የማንም ሥራ ነው፤ መፍታት ግን አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ በጋራዥ ይለወጥ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ጎማ ሲለወጥ እንኳ በሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ይደገፍ። ወጣት ዲያቆናት ለአገልግሎት ካላቸው ፍቅር የተነሣ ይህን ቸል ሲሉ አይተን ደንግጠናልና አባቶች እንዲቆጣጠሩልን እንጠይቃለን።

ከሁሉ የከበደን ግን መሣሪያው ሳይሆን «ማን ነው የሚያየው?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ፒካፑ የሁሉም ስለ ነበር የማንም አልነበረም። ሾፌሩ ይነዳል፣ ሒሳብ ሹሙ የናፍጣ ደረሰኝ ይቀበላል፣ ንብረት ክፍሉ ስሙን በመዝገብ ይዟል፤ ክዳኑን የሚከፍት ግን የለም። መፍትሔውን ያመጡት ከጉባኤው አንድ ቄስ ናቸው፦ «ለቅዳሴው ሰሙነኛ አለን፤ ለመኪናው ለምን አይኖረንም?» አሉ። ሐሳቡ ጸደቀ። አራት ሰዎች በየተራቸው ሳምንት ይይዛሉ። ተረኛው ሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣና እንደ በረደ፣ ውኃውን፣ ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱን፣ ቺንጋዎቹንና ጎማዎቹን አይቶ ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር ካለ ይመለከታል። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ያየውን በደብተር ጽፎ ይፈርማል፤ ጉድለት ካለ ሾፌሩ ቁልፍ አይሰጠውም። ጉባኤውም በየወሩ ከናፍጣው ወጪ ጎን ለጥገና የተወሰነ ገንዘብ ለብቻ እንዲቀመጥ ወስኗል።

ዕቃ ለመግዛት የሚሄደው የኮሚቴ አባል አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይያዝ፤ የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲውን ቁጥርም ጽፎ ይሂድ። የ2ኤልና የ3ኤል ዕቃዎች ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም ግን አይተካኩም። በፊልትሮና በታይሚንግ ቺንጋ ላይ ርካሽ አስመሳይ ዕቃ ከመግዛት ሁለት ሳምንት ታግሦ ገንዘብ ማሟላት ይሻላል።

ይህን ጽሑፍ ለኅትመት ከማስገባታችን በፊት ወደ አየር ጤና ደውለን ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተረኛው በደብተሩ «ከፊት በስተቀኝ ጎማ ሥር የዘይት ጠብታ አለ፤ የፍሬን ይመስላል» ብሎ ጽፎ ኖሮ ሾፌሩ ቁልፉን ሳይረከብ ቀርቷል። መካኒኩ መጥተው ሲያዩት የፍሬኑ ላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ ተገኘ። የዚያን ዕለት ፒካፑ ወደ ሰበታ እህል ሊያደርስ ተይዞ ነበር፤ እህሉ በኪራይ መኪና ሄደ። ታይሚንግ ቺንጋው ደግሞ ተገዝቷል፤ የሚገጠመው ከቁስቋም በዓል በኋላ ነው።