መሪው መጀመሪያ የት ነበር?

መስቀል ሲቃረብ የወልቂጤና የቡታጅራ ጎዳናዎች የአዲስ አበባ ሰሌዳ በለጠፉ ትናንሽ መኪኖች ይሞላሉ። መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ ገና ሥራ የጀመረ ወጣት፣ ሁሉም አገር ቤት ለመግባት ይጣደፋል። በዓሉ አልፎ እንግዳው ሲመለስ ከመኪኖቹ አንዳንዶቹ ባለቤት ቀይረው እዚያው ይቀራሉ። የወልቂጤ መካኒክ «እስቲ ልገዛት ነው፣ እይልኝ» የሚል ስልክ የሚበዛበት ያን ሰሞን ነው።

እንዲያይ የሚጠየቀው በአብዛኛው ቪትዝ ነው። ለወጣቱ ገዢ ደግሞ ተራ ቪትዝ አይበቃውም፤ ሰፊ ቸርኬ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ ማርሚታዋ የሚያገሳ ትፈለጋለች። ትንሽ መኪና ላይ ጠንካራ ሞተር የመጫን ሐሳብ በዓለም ላይ የተስፋፋው ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይን በ1975 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት ካሳየ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የታሰበው 5,000 ብቻ ለመሥራት ነበር፤ ገበያው ግን ከዚያ እጅግ አልፎ ጠየቀ። እኛ ዘንድ ይህን ቦታ የያዘችው ቪትዝ አር ኤስ ናት። ቶዮታ ቪትዝን ለገበያ ያቀረበው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተብላ የተሸጠችው እሷው ስትሆን በማግስቱ ዓመት የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች። ተራዋ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አላት፤ አር ኤስ በ1.5 ሊትር ሞተር ወደ 110 ትጠጋለች።

ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያለፈ መኪና ይህን ያህል የምትፈለግበት ምክንያት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይፋ ሆነ። ስለዚህ ቤንዚን የምትጠጣ ትንሽ መኪና የሚሻ ሰው ያለው ምርጫ አገር ውስጥ ያለውን መቀባበል ነው። አንዷ መኪና በአምስትና በስድስት ሰው እጅ አልፋ ትመጣለች፤ እያንዳንዱም የራሱን ጥገና ጥሎባት ሄዷል።

ገዢው ኮፈኑን ከፍቶ «ጋሼ፣ ሞተሯ እንዴት ናት?» ብሎ ይጀምራል። ልምድ ያለው መካኒክ ሞተሩን ለኋላ ያቆየዋል። «ሞተር ቢደክም ይወርዳል፣ ይሠራል፣ መለዋወጫውም አለ፤ እኔ መጀመሪያ የማየው መሪውን ነው፣ ልጄ» ይላል። ትክክል ነው። ከጃፓን የወጣችው ቪትዝ የተሠራችው በግራ ለሚነዳ አገር ነው፤ መሪዋ በቀኝ ነበር። አገራችን የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ መሪው ወደ ግራ መዛወር ነበረበት። አብዛኛው የዚህ ሥራ የተሠራው ዱባይና አካባቢዋ ባሉ ጋራዦች ነው። የፍጥነት ማሳያዋ ከመነሻው ዳሽቦርዱ መሐል ላይ መቀመጡ ሥራውን አቅልሎታል፤ ገዢውም ላይ ላዩን አይቶ መዛወሯን እንዳያውቅ ያደረገው ይኸው ነው።

መዛወሩ በራሱ ወንጀል አይደለም። ጥያቄው በምን ተዛወረ የሚል ነው። ያሪስ ከፋብሪካ በግራ መሪ ስለምትሠራ የመሪ ሳጥኗን፣ ፔዳሎቿንና ዳሽቦርዷን ወስዶ ቪትዝ ላይ መግጠም ይቻላል፤ እንዲህ የተሠራች መኪና ለዓመታት ያለ ችግር ትሄዳለች። ሌላው መንገድ የነበረውን ቆርጦ፣ ቀጥሎ፣ በይዶ መጠቀም ነው። ሁለቱን የሚለየው ሁለት ቦታ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ በባትሪ መብራት ማየትና ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ከጋቢናው የሚለየውን ላሜራ መዳሰስ። በቀኝ በኩል ድሮ የመሪው ዘንግ ያለፈበት ቀዳዳ አለ። በንጹሕ ብየዳ ከተዘጋና ቀለም ከተቀባ ደህና ነው። በማስቲሽ ብቻ የተደፈነ፣ ዙሪያውን ዝገት የከበበው ከሆነ ግን ክረምት ላይ ውኃ ወደ ጋቢና ያስገባል፤ ወለሉም ከምንጣፉ ሥር መበስበስ ይጀምራል። መካኒኩ ምንጣፉን አንስቶ በጣቱ ሲጫን ላሜራው ከሰመጠ ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ሻጩ «ይቺ የአውሮፓ ናት፣ መሪዋ አልተነካም» ሊል ይችላል። ላሜራው ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ይመሰክርበታል። ለአውሮፓ የተሠራች ያሪስ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር አላት። ለጃፓን የተሠራችው ቪትዝ ግን አጭር ቁጥር ነው ያላት፤ የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.0 ሊትሯ «ኤስሲፒ10» ብላ ትጀምራለች፣ ባለ 1.5 ሊትሯ አር ኤስ ደግሞ «ኤንሲፒ13» ብላ። ኋላ በሯ ላይ የአር ኤስ ጽሑፍ ተለጥፎባት ቁጥሯ በኤስሲፒ10 የሚጀምር መኪና ገዢው የሚከፍልበትን 40 የፈረስ ጉልበት አልያዘችም። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሊብሬውንና ላሜራውን ማስተያየት ይበቃል። ቁጥሩ ዙሪያ የመፈግፈግ ወይም የአዲስ ብየዳ ምልክት ካለ ግን ጉዳዩ የመካኒክ መሆኑ ያበቃል፤ የሕግ ነው።

ቀጣዩ ፍተሻ ብዙ ገዢ የማያስበው ነው። ምሽት ላይ መኪናዋን ግድግዳ ፊት አቁሞ አጭር መብራቷን ማብራት። በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ግድግዳው ላይ በቀኝ በኩል ከፍ ይላል፤ የመንገዱን ዳር ያሳያል። የጃፓን መብራት ግን ከፍ የሚለው በግራ ነው፤ እኛ ዘንድ በግራ ያለው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። መሪው ተዛውሮ መብራቱ ሳይቀየር የቀረባት መኪና ከወልቂጤ ወደ ወሊሶ ሌሊት ስትሄድ ከአይሱዙና ከአውቶቡስ ጋር በተፋጠጠች ቁጥር አደጋ ትጋብዛለች። ብዙ ሾፌሮች ብልጭ እያደረጉ የሚቆጡት ረጅም መብራት የበራ እየመሰላቸው ነው። ሁለት ፋኖስ መለወጥ ከሌላው ጥገና ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ሳለ በብዙ መኪኖች ላይ የሚቀረው ይኼ መሆኑ ያሳዝናል።

ፍሬኑ ከሁሉ ይበልጣል። በደንብ በተዛወረች መኪና የፍሬን ሰርቮው ከአዲሱ የሾፌር ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጦ ይገኛል። በግዴለሽ በተሠራችው ግን ሰርቮው ቀኝ እንደነበረ ቀርቶ ከፔዳሉ ጋር በተበየደ ብረት ይገናኛል። ብረቱ በጊዜ ብዛት ይላላል፣ ፔዳሉም እግር ሲጫነው ጎን ለጎን ይወዛወዛል። ፈተናው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሱ ሞተር ማስነሳት። ሰርቮው የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ይላል። ካልወረደ ሰርቮው ወይም የአየር ቧንቧው ችግር አለበት። ቀስ እያለ እስከ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በሆነ ቦታ እየሾለከ ነው።

የኤርባግ መብራትም ይነግራል። ቁልፍ ሲዞር መብራቱ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ የሚቆይ ከሆነ ብልሽት አለ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጭራሹኑ የማይበራው ግን የባሰ ነው፤ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል፣ ወይም ኤርባጉ ከእነጭራሹ የለም ማለት ነው።

ወጣቶች የሚያስጌጧት ቪትዝ የራሷ በሽታ አላት። ዝቅ እንድትል ሞላዋ በግራይንደር ይቆረጣል። መካኒኩ በክሪክ ሲያነሳት ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ይላላል፤ በእጅ ሲነካ ይሽከረከራል። የተቆረጠበት ጫፍ ጠፍጣፋ ሆኖ የግራይንደሩ ምልክት ይታያል። እንዲህ ያለች መኪና አስፋልት ላይ ደስ ትል ይሆናል፤ ከወልቂጤ ወጥታ ወደ እምድብር ወይም ወደ አገና የገጠር መንገድ ስትገባ ግን ሆዷ ድንጋይ ይነካል፣ ሾክ አብዞርበሩ ያፈሳል፣ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ ያልቃል። በዚህ አካባቢ ሰው ለመንገድ የሚሰጠውን ዋጋ የሚያውቅ ያውቃል፤ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው መንገድ ያሠሩበት አገር ነው። ዛሬም ቢሆን ከዋናው አስፋልት ወጣ ያለው መንደር ብዙ ነው፤ ገዢው መኪናዋን የሚወስዳት እናቱ ደጅ ድረስ ከሆነ ቁመቷ የውበት ጉዳይ አይሆንም።

ጎማ ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞች ማንበብም ልማድ መሆን አለበት። 2319 ካለ ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያልተበላ፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጎማ አርጅቶ ጎኑ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሞተር። መካኒኩ ጠዋት፣ ሳትነሳ ነው ማየት የሚፈልገው። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ሌላ ቀን ይቀጥራል፤ ቀዝቅዛ ስትነሳ የሚሰማው የካቴና ኳኳታና የሚታየው ጢስ ስትሞቅ ይደበቃል። በነገራችን ላይ የእነዚህ የቪትዝ ሞተሮች ታይሚንግ በካቴና እንጂ በቤልት የሚዞር አይደለም፤ «ታይሚንግ ቤልቷን በቅርቡ ቀይሬያለሁ» የሚል ሻጭ ያልሆነ ነገር እያወራ ነው። ካቴናው ዕድሜ የሚያገኘው ዘይት በጊዜው ሲቀየር ነው። የዘይት ክዳኑ ሲከፈት ከውስጥ ጥቁር ጭቃ የሚመስል ነገር ከተጣበቀበት ዘይቱ ለዓመታት ተዘንግቷል።

ከዚያ መንገድ ላይ ማውጣት ነው። ለዚህ ወልቂጤ የታደለች ናት። በጅማ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ የግቤ በረሃ ይመጣል፤ መንገዱ ወደ ወንዙ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሲወርዱ ነዳጅ ሳይረግጡ በማርሽ ይያዛል፤ ታች ሲደርሱ ድንገት ነዳጅ ይሰጣል፤ ወዲያው በመስታወት ወደኋላ ይታያል። ሰማያዊ ጢስ ቡፍ ካለ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እየገባ ነው። ከተማ ውስጥ ሚኒሞ ላይ ቆማ ይህን አታሳይም። ስትመለስ ደግሞ ዳገቱ የራዲያተሩን ጤንነት ይፈትናል፤ የሙቀት ጠቋሚው ከመሐል ካለፈ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም በዝገት የተበከለ ተራ ውኃ ብቻ ነው ያለበት፣ ወይም ቴስታታው ድሮ ሞቆ ተጣምሟል። የቡታጅራ ገዢ ግቤ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚያወጣው ዳገት ለዚሁ ይበቃዋል።

ዳገት ላይ የምታዘግም መኪና ሁሉ ሞተሯ አርጅቷል የሚለው ስህተት ግን መታረም አለበት። ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ላይ ነው፣ ቡታጅራም ከዚያ ከፍ ትላለች። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ዳገት ላይ ማዝገሟ ብቻውን ሞተሯ ማርጀቱን አያሳይም፤ አየሩ ሳስቶ ነው። መካኒኩ የሚፈራው ዝግተኛዋን ሳይሆን ጉልበቷ የሚቆራረጠውን ነው፤ ያ ካንዴላ፣ ነዳጅ ፓምፕ ወይም የታፈነ ማርሚታ ሊሆን ይችላል።

የሰነዱ ጉዳይ በመጨረሻ ቢነሳም አይናቅም። ሰሌዳዋ አሁን ኮድ 2 ቢሆንም ቀድሞ በኮድ 3 አዲስ አበባ ውስጥ ተሳፋሪ ስታመላልስ የቆየች መኪና ልትሆን ትችላለች፤ የፔዳል ላስቲኩ ተበልቶ፣ የሾፌሩ ወንበር ሰጥሞ ሳለ ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩ ተመልሷል። ዕዳና እገዳ መኖር አለመኖሩ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይጣራል።

በብዙ ውሎች ላይ «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል፤ ገዢውም ሳያስተውል ይፈርማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው የገዛውን ዕቃ እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ጠንቃቃ መካኒክ ያየውን ሁሉ በወረቀት ይጽፋል፤ የተበየደውን ቀዳዳ፣ የፔዳሉን መላላት፣ የሻንሲ ቁጥሩን አጀማመር። ገዢው ያችን ወረቀት ሻጩ ፊት አንብቦ ከውሉ ጋር እንድትያያዝ ይጠይቃል። ሞላውን፣ ጎማውንና ፋኖሱን በዋጋ መደራደር ይቻላል። የፍሬኑን ፔዳልና የበሰበሰውን ወለል በተመለከተ ግን መካኒኩ ዋጋ አይጠራም፤ ቁልፉን ለሻጩ መልሶ ገዢውን ወደ ሌላ መኪና ይወስደዋል።