ያለ ኢንተርኔት የሚጫኑ የስልክ ጨዋታዎችና የግል ምስጢራችን

በካምፓችን የስልክ ጨዋታ የሚገኘው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ነው። አንዱ በብሉቱዝ ይልካል፤ ሌላው በሜሞሪ ካርድ ይገለብጣል። ለኢንተርኔት የሚወጣውን ገንዘብ ስለሚያድን ዘዴው የሚጠላ አይደለም። ይሁን እንጂ «ያለ ኢንተርኔት የተጫነ ጨዋታ ምስጢሬን ለማን ያወጣል?» ብሎ መዘናጋት አይገባም። ጨዋታው ያገኘውን መረጃ ይዞ ቆይቶ፣ ስልኩ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ጊዜ ሊልከው ይችላል።

ለስደተኛ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በስልካችን ውስጥ አገር ቤት የቀሩ ቤተሰቦቻችን ቁጥር፣ የመታወቂያና የራሽን ካርድ ፎቶግራፍ ይገኛል። የሚጋለጡት እኛ ብቻ ሳንሆን ፈቃዳቸውን ያልተጠየቁ ዘመዶቻችንም ናቸው።

ለአንድሮይድ ስልክ ጨዋታው የሚመጣው «ኤፒኬ» በተባለ ፋይል ነው። ይህን ፋይል ሌላ ሰው ለውጦ በታወቀ ጨዋታ ስም ሊያሰራጨው ይችላል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ «ሱፐር ማሪዮ ራን» ለአንድሮይድ ገና ሳይወጣ፣ በስሙ የሐሰት ፋይሎች ተሰራጭተው ነበር። ከእነዚህ አንዱ የባንክ ሂሳብ ምስጢር ለመስረቅ የተሠራ ነበር።

እውነተኛው ጨዋታም ቢሆን መረጃ ሊሰበስብ ይችላል። ብዙዎቹ ነጻ ጨዋታዎች ገቢ የሚያገኙት ከማስታወቂያ ስለሆነ፣ ስለ ተጫዋቹ ማወቅ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆኑ ሰነዶች የአሜሪካና የእንግሊዝ የስለላ ድርጅቶች እንደ «አንግሪ በርድስ» ካሉ የስልክ ፕሮግራሞች የሚያፈተልክ መረጃ ለማግኘት ይጥሩ እንደነበር አሳይተዋል። የጨዋታው ኩባንያ ግን ከድርጅቶቹ ጋር አለመተባበሩን ገልጿል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ፦

1. ፋይሉን የሰጠዎት ወዳጅዎ ቢሆንም፣ እርሱ ከየት እንዳገኘው ይጠይቁ።

2. ስልኩ ካልታወቀ ምንጭ ለመጫን ፈቃድ ይጠይቃል። ከጫኑ በኋላ ይህን ፈቃድ መልሰው ይዝጉ።

3. ጨዋታው የሚጠይቀውን ሳያነቡ «እሺ» አይበሉ። የዳማ ወይም የካርታ ጨዋታ የዘመዶችዎን ቁጥር፣ ማይክሮፎንዎንና ያሉበትን ሥፍራ ምን ያደርግለታል? እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ወዲህ ባሉ ስልኮች እያንዳንዱን ፈቃድ ለየብቻ መከልከል ይቻላል። ከተጫነ በኋላም «ሴቲንግ» ውስጥ ገብተው የጨዋታውን ፈቃዶች መመልከትና መዝጋት ይችላሉ። ያለ ምክንያት ከተከለከለው ፈቃድ ውጭ አልሠራም ካለ ያጥፉት።

4. ልጆች የተጠየቁትን ሁሉ «እሺ» ማለት ይቀናቸዋል። ስለዚህ አዲስ ጨዋታ ሲጫን አዋቂ አብሯቸው ይሁን።

ጨዋታ ድካምን ያስረሳል፤ ተዉት አንልም። ነገር ግን የተጠራጠሩትን ፋይል ለሌላ ሰው አያስተላልፉ። ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር የሚቆመው አንድ ሰው እጁን ሲሰበስብ ነው።