ስለ አተነፋፈስ ሥራና መተንፈስ ላቃተው ሰው ስለሚደረገው ርዳታ

በትምህርት ቤት ውስጥ «አየር ወደ ሳንባችን የሚገባው እንዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች «ሳንባችን ስለሚስበው ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ከአዋቂዎችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ይመስላቸዋል። አነጋገሩ ለዕለት ንግግር ነውር ባይኖረውም ትክክል ግን አይደለም። ሳንባ እንደ ልብ በራሱ የሚንቀሳቀስበት ጡንቻ የለውም፤ ሌላ ካላሰፋው በቀር ተኰማትሮ የሚቀር፣ እንደ ሰፍነግ የለሰለሰ አካል ነው። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የተረዳ ሰው፣ መተንፈስ ያቃተው በሽተኛ በምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚረዳ፣ መሣሪያውም አንዳንድ ጊዜ ስለ ምን እንደሚጐዳ ለማወቅ አይቸገርም።

ቀጥቃጭ ሲሠራ የተመለከተ ሁሉ ወናፍን ያውቀዋል። ነፊው የቆዳውን አፍ ከፍቶ ወደ ላይ ሲያነሣው ውስጡ ይሰፋል፤ የውጭውም አየር ወደ ሰፋው ቦታ ይገባል። አፉን ገጥሞ ወደ ታች ሲጫነው ደግሞ አየሩ በቧንቧው አልፎ ወደ ፍሙ ይወጣል። እንግዲህ ቆዳው አየሩን አልሳበውም፤ ቦታውን ያሰፋው የነፊው እጅ ነው። በሰው ደረት ውስጥ የነፊውን እጅ ሥራ የሚሠሩት ድያፍራምና በጐድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ድያፍራም ደረትን ከሆድ የሚለይ፣ እንደ ጕልላት ወደ ላይ የጐበጠ ሰፊ ጡንቻ ሲሆን፣ በተኰማተረ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል፤ የጐድን አጥንቶችም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ። ደረት በዚህ ዓይነት ሲሰፋ በሳንባ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ከውጭው ያንሳል፤ አየርም ግፊት ከበዛበት ግፊት ወደ አነሰበት መሄድ ጠባዩ ስለ ሆነ በአፍንጫ በኩል ይገባል። የሚያስደንቀው የልዩነቱ ማነስ ነው፤ ሰው ረግቶ በሚተነፍስበት ጊዜ በውሃ ዐምድ ቢለካ ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም። ግማሽ ሊትር ያህል አየር የሚገባው በዚህች ጥቂት ልዩነት ነው።

አየሩን መልሶ ለማውጣት ግን በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የጡንቻ ሥራ አያስፈልገውም፤ ተለጥጦ የነበረው ሳንባ እንደ ላስቲክ ወደ ቀድሞው መጠኑ ሲመለስ አየሩ ይወጣል።

ሳንባ ከደረት ግድግዳ ጋር ሳይሰፋ ሳይጣበቅ አብሮት የሚለጠጠው በምን ምክንያት ነው ቢባል፣ በሁለቱ መካከል ሁለት ስስ ሽፋኖችና በሽፋኖቹ መካከል ጥቂት ፈሳሽ ስላለ ነው። ውሃ የነካቸው ሁለት መስተዋቶች ተነባብረው ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ አላቅቃለሁ ቢሉ ግን ያስቸግራል። የሳንባና የደረት ነገርም እንደዚሁ ነው።

መምህራን ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ ሊያሳዩት ይችላሉ። የአንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ታችኛው ክፍል ተቈርጦ ይወጣል፤ ፊኛ በጠርሙሱ አፍ ወደ ውስጥ ይንጠለጠልና የፊኛው አፍ በጠርሙሱ አፍ ላይ ይገለበጣል፤ የተቈረጠውም ታች በተቀደደ ፊኛ ተወጥሮ በክር ጠብቆ ይታሰራል። የታችኛውን ላስቲክ በጣት ይዘው ወደ ታች ሲስቡት፣ ማንም ሳይነፋው የውስጡ ፊኛ ያብጣል፤ ሲለቁት ይሟሽሻል። ቀጥሎ የጠርሙሱን ጐን በምስማር ቢበሱት፣ ላስቲኩን የቱንም ያህል ቢስቡ ፊኛው እንደ ቀድሞው አይነፋም። ደረቱን በጩቤ የተወጋ ሰው፣ ጩቤው ሳንባውን ባይነካው እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ስለዚህ ነው፤ አየሩ በቀዳዳው ገብቶ ሳንባውን ከደረቱ ያላቅቀዋል። ተማሪዎች ይህን ሙከራ አንድ ጊዜ ካዩት አይረሱትም።

አሁን ወደ ሌላ ነገር እንለፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም ይህ ነው። በአንድ ትንፋሽ ከሚገባው 500 ሚሊ ሊትር አየር ውስጥ 150 ያህሉ በአፍንጫ፣ በጉሮሮና በመተንፈሻ ቧንቧዎች ውስጥ ብቻ ቈይቶ፣ ለደም ምንም ሳይጠቅም ተመልሶ ይወጣል። ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገባው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውም የተቃጠለ አየር ከደም የሚወጣው ከቧንቧዎቹ ጫፍ ባሉት እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጥ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። አንደኛው በደቂቃ 12 ጊዜ፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ይተነፍሳል። ሁለተኛው ደክሞ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ ነገር ግን 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ይተነፍሳል። ሁለቱም በደቂቃ 6 ሊትር አንቀሳቅሰዋል። ይሁን እንጂ የአንደኛው ከረጢቶች 4.2 ሊትር ንጹሕ አየር ሲያገኙ፣ የሁለተኛው ያገኙት 1.5 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የሚያለከልከውን በሽተኛ አይቶ «ደኅና እየተነፈሰ ነው» ማለት ከባድ ስሕተት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ ትንፋሹ ያጠረ ሰው ያለው የኦክሲጅን ትርፍ ከዚያ ያነሰ ነው።

የመተንፈሻ ጡንቻዎች ራሳቸው ሥራቸውን ሲያቆሙስ? የልጅነት ልምሻ አንዳንድ ጊዜ እግርን ብቻ ሳይሆን ድያፍራምንም ሽባ ያደርግ ነበር። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ደረትን ከውጭ በመሳብ ማስፋት፣ ሁለተኛው አየሩን ከውስጥ በኩል በግፊት ማስገባት ነው። በ1928 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊሊፕ ድሪንከርና ሉዊስ ሾ የሠሩት «የብረት ሳንባ» በፊተኛው መንገድ የሚሠራ ነበር። በሽተኛው ከአንገቱ በታች በብረት በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ መኪናው የበርሜሉን አየር በሳበ ቍጥር ደረቱ ይሰፋል፣ አየርም በአፉ ይገባል። ከላይ የተናገርነው የጠርሙስ ሙከራ በትልቁ ማለት ነው።

በ1952 የበጋ ወራት ኮፐንሃገን በምትባለው የዴንማርክ ከተማ የልጅነት ልምሻ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽተኞቹን የሚቀበለው የብሌግዳም ሆስፒታል የነበረው የብረት ሳንባ አንድ ብቻ ነበር፤ ደረትን ብቻ የሚሸፍኑ አነስተኛ መሣሪያዎችም ስድስት ነበሩት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በነዚህ ከታከሙት 31 በሽተኞች 27ቱ ሞቱ። ኦክሲጅን ስለሚሰጣቸው የብዙዎቹ መልክ ቀይ ነበር፤ ነገር ግን ላብ ያጠምቃቸው፣ የደማቸው ግፊት ይጨምር፣ ኋላም ራሳቸውን ይስቱ ነበር። በደማቸው ውስጥ የተገኘውንም ለውጥ ሐኪሞቹ ከሌላ ምክንያት የመጣ መስሏቸው ነበር። የሆስፒታሉ አለቃ ዶክቶር ላሰን ቢዮርን ኢብሰን የሚባለውን የማደንዘዣ ሐኪም ምክር ጠየቁት። እርሱም ሬሳዎቹ ሲመረመሩ ተመልክቶ፣ ሳንባዎቹ ያን ያህል አለመበላሸታቸውን ዐየ፤ ሰዎቹን የገደላቸው በሚገባ ባለመተንፈሳቸው በደማቸው ውስጥ የተከማቸው የተቃጠለ አየር ነው ብሎ ተናገረ። ኦክሲጅን የፊትን መልክ ያሳምራል እንጂ የተቃጠለውን አየር አያወጣም።

ኦገስት 27 ቀን ለመሞት የተቃረበች የ12 ዓመት ልጃገረድ ተሰጠችው። አንገቷ ተበሥቶ ወደ መተንፈሻ ቧንቧዋ ቱቦ ገባ። መጀመሪያ ስለ ታገለችና ቧንቧዎቿ ስለ ጠበቡ አየሩ አልገባ አለ፤ በአካባቢው የነበሩትም ሐኪሞች ተስፋ ቈረጡ። ኢብሰን የሚያደነዝዝ መድኀኒት ሰጥቶ ካረጋጋት በኋላ፣ የላስቲኩን ከረጢት በእጁ እየጨመቀ አየር አስገባላት። ልጅቷ ከሞት ተረፈች። ነገር ግን ለሌሎቹ በሽተኞች ሁሉ የሚበቃ መኪና አልነበረም፤ የነበረው ከረጢትና የሰው እጅ ነው። 1,500 ያህል የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ በየአልጋው ጐን ተቀምጠው፣ ቀንና ሌሊት በጠቅላላው 165,000 ሰዓት ያህል ከረጢት ጨመቁ። የሟቾቹ ቍጥር ከመቶ 87 ከነበረበት በወረርሽኙ ማብቂያ ገደማ ወደ 25 ያህል ወረደ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በውጭ አገር ሲማር ለአንድ በሽተኛ ከረጢት የጨመቀው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ጣቶቹ ደንዝዘው ብዕር መያዝ አቅቶት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተማሪዎቹን እጅ መኪና ተክቶታል፤ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስሙ በየጋዜጣው የተነሣው ቬንቲሌተር ይኸው ነው። ነገር ግን በጤናማ አተነፋፈስ አየሩ የሚገባው ደረት ሲሰፋለት ሲሆን፣ በመኪናው የሚገባው በግፊት መሆኑን መርሳት አይገባም። በግፊት ከመጠን በላይ የተነፋ የታመመ ሳንባ ይቈስላል። በ2000 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ በ861 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለሰውየው ቁመት ከሚገባው የሰውነት ክብደት ለያንዳንዱ ኪሎ 12 ሚሊ ሊትር ከተነፋላቸው ከመቶ 40 ያህሉ ሲሞቱ፣ 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ከተነፋላቸው የሞቱት 31 መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙ አየር መስጠት ርዳታን ማብዛት መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ሆስፒታል በሌለበት ስፍራ ከረጢቱ የረዳቱ ሳንባ ነው። ከአፋችን የሚወጣው አየር ከመቶ 16 ወይም 17 ያህል ኦክሲጅን ስለሚኖረው፣ ከወንዝ የወጣና መተንፈስ ያቆመ ሰውን ለማቈየት ይበቃል። ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ አገጩን ማንሣት ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ጉሮሮውን የዘጋው ምላስ ይነሣል። ከዚያም አፍንጫውን ይዞ፣ አፍን በአፉ ላይ ገጥሞ፣ አንድ ሴኮንድ ያህል በዝግታ መንፋት ነው። ሕፃን ከሆነ ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል። ልቡም የቆመ እንደ ሆነ ደረቱን 30 ጊዜ በኀይል እየተጫኑ ሁለት ሁለት ጊዜ መንፋት ይገባል። የሚነፋው ሰው ዐይኑ ከበሽተኛው ደረት ላይ መለየት የለበትም፤ ደረቱ ከተነሣ አየሩ ገብቷል፤ ካልተነሣ ግን አልገባምና አንገቱን እንደ ገና አስተካክሎ መንፋት ነው።