ምድር የተቀበለችው አደራ
ስለ ትንሣኤ ሙታን እምነትና ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

ከቀብር ተመልሶ በድንኳን ጥግ የተቀመጠ ሰው፥ «እንግዲህ በዚሁ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ በልቡ ሳይጠይቅ አይቀርም። ትናንት ከእኛ ጋራ ማዕድ የቈረሰ፥ ስንወጣ የመረቀን፥ ስንገባ ደጁን የከፈተልን ሰው ዛሬ አፈር ተመልሶበት ሲታይ፥ የተማረውም ያልተማረውም፥ ባለጸጋውም ድኻውም በዚህ ጥያቄ ፊት እኩል ነው። የክርስትና ሃይማኖት ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ትንሣኤ ሙታን ይባላል። ይህ መልስ ምን እንደ ሆነና በየትኛው የመጽሐፍ ቃል ላይ እንደ ቆመ ዛሬ በዚህ ገጽ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት አምስት አዕማደ ምሥጢር አሉ፤ እነርሱም ምሥጢረ ሥላሴ፥ ምሥጢረ ሥጋዌ፥ ምሥጢረ ጥምቀት፥ ምሥጢረ ቍርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። ትንሣኤ ሙታን በመጨረሻ መቈጠሩ ከሌሎቹ ስለሚያንስ አይደለም፤ የአራቱ ሁሉ ተስፋ የሚፈጸምበት ስለ ሆነ ነው። ቃሉም ተነሣ፥ ቆመ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ ጊዜ «ተንሥኡ» ብሎ ሕዝቡን ለጸሎት የሚያስነሣበት ቃል ከዚሁ ግሥ ይወለዳል። እንግዲህ ምእመን ሁሉ ባስቀደሰ ቍጥር፥ አንድ ቀን ከመቃብር የሚያስነሣውን ጥሪ አስቀድሞ ይለማመዳል ማለት ነው።

ብዙዎቻችን ግን ይህን እምነት በግማሹ ብቻ እንይዘዋለን። «ነፍሱ ወደ ፈጣሪዋ ሄደች» እንልና የሥጋውን ነገር ለምስጥ እንተዋለን። የክርስትና ትምህርት ከዚህ ይሰፋል። ሰው ማለት ነፍስም ሥጋም በመሆኑ፥ የሚድነውም ሁለንተናው ነው ይላል። ይህ ትምህርት ለጥንት ሰዎችም ቀላል አልነበረም። ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና ከተማ ለፈላስፎች ሲናገር፥ ስለ አንድ ፈጣሪ በተናገረበት ጊዜ በጸጥታ ያደምጡት ነበር፤ የሙታንን መነሣት ባነሣ ጊዜ ግን አንዳንዶቹ እንዳፌዙበት በሐዋርያት ሥራ በ17ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ሥጋ የነፍስ ወኅኒ ነው የሚል አሳብ በተሰማበት አገር፥ ወኅኒው እንደ ገና ይታነጻል የሚል ስብከት እንግዳ መሆኑ አያስደንቅም።

የብሉይ ኪዳን ተስፋ

ይህ ተስፋ በአንድ ቀን የተገለጠ አይደለም፤ እንደ ንጋት ብርሃን ቀስ በቀስ የደመቀ ነው። ጻድቁ ኢዮብ ልጆቹን፥ ሀብቱንና ጤናውን አጥቶ በዐመድ ላይ በተቀመጠበት ጊዜ፥ የሚቤዠው ሕያው እንደ ሆነና እርሱም ፈጣሪውን እንደሚያይ ተናግሯል። ኢሳይያስ በ26ኛው ምዕራፍ በአፈር የተኙት ነቅተው እንደሚዘምሩ ይናገራል። ዳንኤልም በ12ኛው ምዕራፍ መነሣቱ ለሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን፥ ለአንዱ የዘላለም ሕይወት ለሌላው ግን ኀፍረት መሆኑን ይገልጻል። የሕዝቅኤል የደረቁ አጥንቶች ራእይ በመጀመሪያ የተነገረው በባቢሎን ምርኮ ተስፋው ለተቈረጠ ሕዝብ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ግን ለሙታን ትንሣኤ ምሳሌ አድርገው ተርጕመውታል።

በዚህ ረገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ልዩ ቅርስ አለን። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ሄኖክ፥ ምድር በውስጧ ያኖሩባትን፥ ሲኦልም የተቀበለችውን የሚመልሱበት ቀን እንደሚመጣ ይናገራል። መጽሐፈ መቃብያንም የሙታንን መነሣት የሚክዱትን ይገሥጻል። ከሄኖክ ቃል የምናገኘው ምሳሌ የአደራ ምሳሌ ነው። አደራ በአገራችን ምን ያህል የከበረ ነገር እንደ ሆነ ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። አደራ ያስቀመጠ ሰው ንብረቱን አልሰጠም፤ ባለአደራውም ባለቤት አልሆነም። መቃብርም እንዲሁ ተቀባይ እንጂ ባለንብረት አይደለም።

ባዶው መቃብር

ሰዱቃውያን የሙታንን መነሣት የማይቀበሉ ነበሩና፥ ሰባት ወንድማማች በየተራ ያገቧትን ሴት ምሳሌ አድርገው፥ በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች ብለው ጌታችንን ጠየቁት። እርሱም እነርሱ ራሳቸው ከሚቀበሉት ከሙሴ መጽሐፍ መለሰላቸው። እግዚአብሔር በቍጥቋጦው ዘንድ ራሱን የአብርሃም፥ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ ከጠራ፥ እነዚያ አባቶች በእርሱ ዘንድ ሕያዋን ናቸው፤ በትንሣኤም ማግባትና መጋባት የለም ሲል አስረዳቸው።

በቢታንያ ግን ነገሩ ከክርክር ወጥቶ ወደ ልቅሶ ቤት ገባ። አልዓዛር በመቃብር አራት ቀን ሆኖታል። እኅቱ ማርታ ወንድሟ በመጨረሻው ቀን እንደሚነሣ አምናለሁ አለች፤ ያም ቀን ለልቧ ሩቅ ነበር። ጌታም ትንሣኤና ሕይወት እርሱ ራሱ መሆኑን ነገራት። ከዚያም፥ ሊያስነሣው እንደ ሆነ እያወቀ፥ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አለቀሰ። ይህን ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

አልዓዛር የተነሣው ደግሞ ሊሞት ነው። ክርስቶስ ግን ዳግመኛ ላይሞት ተነሣ። አራቱም ወንጌላውያን በሌሊት ወደ መቃብሩ ከገሠገሡት መካከል መግደላዊት ማርያምን ይጠቅሳሉ። የሴት ምስክርነት በሸንጎ ብዙ በማይታመንበት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ሴቶች መሆናቸው፥ ነገሩ ለማሳመን ተብሎ የተፈጠረ ተረት አለመሆኑን ከሚያመለክቱት አንዱ ነው። የተነሣውም ምትሐት አልነበረም፤ እጆቹንና እግሮቹን አሳየ፥ በፊታቸውም በላ፥ ቶማስንም ቍስሉን እንዲዳስስ ጋበዘው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የመጀመሪያውን መልእክት የጻፈው ከዚህ በኋላ 25 ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። በ15ኛው ምዕራፍ ምስክሮቹን ይዘረዝራል። ለጴጥሮስ፥ ለዐሥራ ሁለቱ፥ ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች፥ ለያዕቆብ፥ ለሐዋርያት ሁሉ፥ በመጨረሻም ለራሱ እንደ ታየ ይናገራል። ከ500ዎቹም ብዙዎቹ ገና በሕይወት እንዳሉ ይጨምራል፤ ይህም የሚጠራጠር ሄዶ ይጠይቅ እንደ ማለት ነው። ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም፥ እርሱ ካልተነሣም ስብከታችን ከንቱ ነው ሲል ሃይማኖቱን በሙሉ በዚህ አንድ ነገር ላይ ያቆማል።

ሙታን በምን ዓይነት ሥጋ ይነሣሉ?

አፈር የሆነው፥ አውሬ የበላው፥ እሳት ያቃጠለው ሥጋ እንዴት ይሰበሰባል የሚል ጥያቄ ጥንትም ነበረ፥ ዛሬም አለ። ሐዋርያው የመለሰው በገበሬ ምሳሌ ነው። የተዘራችው ቅንጣትና የበቀለው ዛላ በመልክ አይመሳሰሉም፤ ነገር ግን ከስንዴ ስንዴ እንጂ ገብስ አይበቅልም። ሥጋም በድካም ይዘራል፥ በኀይል ይነሣል። የዛሬው ዕውቀትም አንድ ነገር ያስተውለናል። የሰው አካል በሕይወት ሳለ እንኳ ባለበት አይቆምም። አንዲት ቀይ የደም ሕዋስ የምትኖረው 120 ቀን ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላዋ ትተካለች። ይህን ያህል ነገር በውስጣችን ሲለዋወጥ እናታችን ያው እናታችን ናት። እንግዲህ ሰውን ያው ሰው የሚያደርገው የአፈሩ ቅንጣት ብቻ አይደለም። ይህ ስለ ትንሣኤ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው ባዶው መቃብር ነው። ለጠያቂው ግን መንገዱን ይጠርግለታል።

የዮሐንስ ራእይም በ20ኛው ምዕራፍ ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚመልስ ይናገራል። ይህ ቃል በዘመናችን ለብዙ ቤተሰብ የሩቅ ነገር አይደለም። ልጆቻቸው ባሕር ሲሻገሩ የቀሩባቸው አሉ። በ2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው የተገደሉት ኢትዮጵያውያን መርዶ የተሰማው ሚያዝያ 11 ቀን፥ በዳግም ትንሣኤ ዕለት ነበር። በአዲስ አበባ በጨርቆስ ሠፈር ሬሳ ሳይታጠብ፥ አስከሬን ሳይሸኝ ድንኳን ተተከለ። ለመቃብር ያልታደለ ልጅ ያላት እናት፥ የበረሃው አሸዋም ባለአደራ ነው ብላ ካላመነች በምን ትጽናና?

ለኀዘንተኛ ቤት

የተሰሎንቄ ክርስቲያኖች ስለ ሞቱባቸው ሰዎች እጅግ ተጨንቀው በነበረ ጊዜ፥ ጳውሎስ አታልቅሱ አላላቸውም፤ ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች አትዘኑ አለ እንጂ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ታላቅ ነው። ክርስቶስ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷልና፥ ኀዘንተኛውን «እምነት ቢኖርህ አታለቅስም ነበር» ብሎ የሚገሥጽ ሰው መጽሐፉን በደንብ አላነበበም። እንባ የፍቅር ግብር ነው። ፊትን መንጨት፥ ደረትን መድቃት፥ ከምግብ ተለይቶ ራስን መጉዳት ግን አደራውን ተቀባይ ከድቶኛል ብሎ እንደ መጮኽ ነው።

ሥጋው አደራ መሆኑን የምናምን ከሆነ፥ አገናነዛችን በክብር ይሁን። ተዝካሩም እንዲሁ። በአርባው ቀን የጸሎትና የምጽዋት መታሰቢያ መደረጉ መልካም ነው፤ የሟች ልጆች ለዓመት የሚከፍሉትን ዕዳ ተሸክመው ለጠገበ ሰው ድግስ ማብላት ግን ለሟችም ለቋሚም አይረባም።

ሟቹ የተወልን አደራ ደግሞ አለ። ምድር ሥጋውን ስትቀበል፥ እኛ ልጆቹን፥ ባልቴቲቱን፥ ያረጁ ወላጆቹን ተቀብለናል። በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ በዚያ ቀን የምንጠየቀው ስለ ተራበው፥ ስለ ታረዘው፥ ስለ ታመመው ነው። ብዙ ጊዜ ድንኳኑ ሲነሣ ጠያቂውም አብሮ ይነሣል፤ የቤቱ ብርድ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ወር፥ በሦስተኛውም ወር ያችን ደጅ ማንኳኳት ትንሣኤን ከማመን የተለየ ነገር አይደለም።

ምድር የተቀበለችውን በቀኑ ትመልሳለች ብለን እናምናለን። እኛም የተቀበልነውን ሳናጐድል የምናስረክብ ባለአደራዎች እንሆን ዘንድ አምላክ ይርዳን። ኀዘንተኞችን ሁሉ ያጽናልን።