ዕጣኑ ምን አደረገ?

አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ፦ «ቡና አፍልቼ ዕጣን ሳጨስ ደረቴ ይታፈናል። የዕጣን አለርጂ አለብኝ ማለት ነው?» መልሱ ስለረዘመብኝ እዚሁ ልጻፈው። እኔም ካርቱም ሳለሁ ሦስት ዓመት ሙሉ በዕጣን ላይ ስፈርድ ኖሬያለሁ።

ጀሪፍን የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ሐበሻ የሞላበት፣ ጥቁር ዓባይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። እዚያ ለገበያ ቡና አፈላ ነበር። የወንዙ ሙላት ጎድሎ ብርዱ ሲገባ አፍንጫዬ ሥራ ይጀምራል፤ ዐሥር ዐሥራ አምስት ጊዜ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥ፣ ላንቃ የሚበላ ማሳከክ። «ሳይነስ ነው» እየተባልኩ ስንት አሞክሳሲሊን ዋጥኩ! ማታ ዕጣን ሲጨስ ደግሞ ደረቴ ያፏጫል። ታዲያ ማንን ልጠርጥር?

በመጨረሻ ያየኝ ሱዳናዊ ሐኪም ግን ስለ ዕጣን አልጠየቀኝም። «ደጃፋችሁ ላይ መብራት አለ?» አለኝ። ነበረ፤ ረጅም ነጭ መብራት። በየማታው ጥቃቅን አረንጓዴ ትንኝ እንደ ጉም ይከበዋል። አይናከስም፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጠዋት ከመብራቱ ሥር ሞቶ ተከምሮ ይጠብቀኛል፤ ጎንበስ ብዬ በደረቅ መጥረጊያ ስጠርገው ፊቴ ላይ እንደ ዱቄት ይቦናል።

ሱዳኖች ኒሚቲ ይሉታል። ሳይንሳዊ ስሙ ክላዶታኒታርሰስ ሉዊሲ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ጋድ ኤል ራብ እና ኬይ የተባሉ ተመራማሪዎች በሱዳን ብዙ ሰው ለዚህ ትንኝ አለርጂ እንዳለበት አሳተሙ፤ በ1983 ደግሞ እሱ በሚበዛበት አካባቢ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ምን ያህል እንደሚታይ የሚገልጽ ጥናት ወጣ። የዚህ ትንኝ ዘመዶች እጭ ውሃ ውስጥ ሳለ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ እንደኛ ሄሞግሎቢን አለውና። አለርጂውን የሚቀሰቅሰው ዋናው ነገርም ይኸው ሄሞግሎቢን ነው። (ይህን ስሰማ መጀመሪያ አላመንኩም።)

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰውነት ትንኙን እንደ ጠላት ይመዘግበውና አይጂኢ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጅለታል። ትንኙ ዳግመኛ ሲመጣ ሂስታሚን ይለቀቃል፤ ማስነጠሱ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከሰዓታት በኋላ ግን ሁለተኛ ዙር አለ፤ ውስጡ ይቆጣል፣ ያብጣል። አፍንጫና ሳንባ አንድ ቧንቧ ናቸው፤ አስም ካለባቸው ሰዎች እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት የአፍንጫም አለርጂ አለባቸው ይባላል። እንዲህ ተቆጥቶ የሰነበተ ቧንቧ ለመጥበብ የግድ ትንኙን አይፈልግም፤ ጭስ፣ ሽቶ፣ ቀዝቃዛ አየር፣ ሀቡብ የሚባለው የሱዳን የአቧራ ማዕበል፣ ሳቅ እንኳ ይበቃዋል። ዕጣኑ የቆሰለ ቦታ ላይ የወደቀ ጨው እንጂ ያቆሰለው እሱ አይደለም።

ሐኪሙ የትንፋሽ ኃይል የሚለካ ቱቦ አስነፋኝ፤ 270። የሳንባ ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞል ስቤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ስነፋ 350። «ሳይነስ» የተባለው ነገር ደረቴ ድረስ ወርዶ ኖሯል። ሴትሪዚን የተባለው የአለርጂ ክኒን ለማስነጠሱና ለማሳከኩ እንጂ ለፉጨቱ እንደማይበቃ ነገረኝ። የአፍንጫ ስቴሮይድ ስፕሬይም አዘዘልኝ። እሱን ብዙዎቻችን እናበላሸዋለን፤ በቀኝ እጅ የግራውን ቀዳዳ፣ በግራ እጅ የቀኙን፣ ጫፉን ወደ ጆሮ አቅጣጫ እንጂ ወደ መሐል አጥንቱ አይደለም። በየቀኑ ነው፤ በሁለት ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ አትጣይው፣ ሙሉ ጥቅሙ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ደረትሽ የሚያፏጭ ከሆነ ግን የኔን ጽሑፍ ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። እኔ ደግሞ የደጁን መብራት ማታ ማጥፋት ጀመርኩ፤ የሞተውን ትንኝ በእርጥብ ጨርቅ ማንሳትም። የቡና ቤቱ ባለቤት «መብራት ጠፍቶ ደንበኛ ከየት ይመጣል?» እያለ አጉረመረመ፤ እውነቱን ነው፣ ገበያው ቀንሷል።

በሚያዝያ 2015 የሱዳኑ ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ወጣሁ። አዲስ አበባ ስገባ ኒሚቲ የለም። የፈራሁት ኅዳር 12ን ነበር፤ ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሎ ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። መስኮት ዘግቼ፣ ሳልቡታሞሌን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሳለ፣ እኔም ሳልኩ። ፉጨት ግን አልነበረም። ማታ ቡና አፈላሁ፤ ዕጣንም ጨመርኩ፣ ትንሽ።