የበጋ እንግዶቻችን



አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም የሰሜኑ ዓለም በበረዶ ሲሸፈን ምግብና ውኃ ፍለጋ ወደ ደቡብ የሚሰደዱ ወፎች በየዓመቱ ወደ ሐይቆቻችንና ወደ ደጋ ሜዳዎቻችን ይመጣሉ። ለእነርሱ ክረምት የሆነው ወቅት ለእኛ በጋ ነው። ከብርድ ሸሽተው እኛ ዘንድ ይከርማሉ፤ የሰሜኑ ምድር ሲሞቅ ይመለሳሉ።

ከመካነ ሰላም እንጀምር

የደንቆሮን ደን የያዘው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከመካነ ሰላም ብዙም አይርቅም። ብዙ ሰው የሚያውቀው በጭላዳና በቀይ ቀበሮ ነው። ነገር ግን በበጋ ወራት በወሎ ደጋ ሰማይ ላይ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሜዳዎች የመጣ ቡናማ ንስር ሲያንዣብብ ሊታይ ይችላል። ይህ ንስር እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት አእዋፍ ተርታ ተመዝግቧል።

ከብት በሚግጥበት መስክ ደግሞ ሆዷ ቢጫ የሆነ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ትንሽ ወፍ በላሞቹ እግር ሥር ስትሯሯጥ ትታያለች። ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት ትለቅማለች። እረኛው በየቀኑ የሚያያት ይህች ወፍ የተፈለፈለችው አውሮፓ ወይም እስያ ውስጥ ነው።

ወደ ጣና

እንግዶቹን በብዛት ለማየት የሚሻ ቤተሰብ ግን ወደ ጣና ይሂድ። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ይህን ሐይቅና አካባቢውን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዝግቦታል። በፎገራ ሜዳና ግልገል አባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ዳርቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ግራጫ፣ ባለ ረጅም አንገትና እግር ወፎች ይከርማሉ። በዐረብኛ ኩርኪይ፣ በእንግሊዝኛ ክሬን ይባላሉ። በሕንፃ ሥራ ቦታ ዕቃ የሚያነሣው ክሬን ስሙን የወሰደው ከዚሁ ወፍ ነው።

ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሩሲያ ተነሥተው ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ቀን ቀን ከታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ይለቅማሉ። ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ አውሬ ቢመጣ የውኃው ድምፅ ያነቃቸዋል።

ወጣቶች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በመንጋው መካከል ሁለት ወላጆች ከአንድ ወይም ከሁለት ጫጩቶቻቸው ጋር ተጠግተው ይታያሉ። የልጆቹ ራስ ቡናማ በመሆኑ ይለያሉ። ጫጩቱ የመጀመሪያውን ክረምት ከወላጆቹ አይለይም፤ የሩቁን መንገድ የሚማረው እነርሱን ተከትሎ ነው።

እንግዳው ማረፊያ ሲያጣ

ይህ ማረፊያ ዛሬ እየጠበበ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ የተባለው አረም የጣናን ዳርቻ ወርሯል። ረግረጎችም እየተጠነፈፉ ለእርሻ ይውላሉ። ገበሬው ልጆቹን ማብላት አለበትና በእርሱ መፍረድ አይገባም። ይሁን እንጂ ረግረግ የወፍ ብቻ አይደለም። በበጋ ለከብት ሣር የሚገኝበት፣ ጎርፍ አረፍ ብሎ ደለሉን የሚጥልበት፣ ዓሣ የሚራባበት ቦታ ነው። ወፏ መምጣት ስታቆም እኛም የምናጣው አለ።

በየመንደሩ ደግሞ ወንጭፍ አለ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ በጉዞ ላይ ሳሉ አንዳንድ ሰሐቦች የአንዲትን ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ፤ እናቲቱም መጥታ ክንፏን ታርገበግብ ጀመር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ባዩ ጊዜ በልጆቿ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው እንዲመልሱላት አዘዙ። ለጨዋታ ብሎ ወፍ በድንጋይ የሚመታ ልጅ ይህን ታሪክ ከእናት ከአባቱ ሊሰማ ይገባል።

ለመጎብኘት

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ ማጣራትና የአካባቢውን ሰው በመሪነት መያዝ ይገባል። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወፎቹ ከውኃው ሲነሡ፣ ከመግሪብ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ ሲመለሱ ይታያሉ። ደማቅ ልብስ አይለበስ፤ አይጮህ፤ ወፎቹ እንዲነሡ ተብሎ አይባረሩ። ያለ ምክንያት ባስበረርናቸው ቁጥር ለመልሱ ጉዞ ያጠራቀሙትን ስብ ያባክናሉ። የያዛችሁትን ፌስታልና ጠርሙስ ይዛችሁ ተመለሱ።

ለጉዞው አቅም የሌለው ቤተሰብም አይከፋ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ከብት ወዳለበት መስክ ይውጣ፤ ቢጫ ሆዷን ወፍ ያሳያቸው፤ ከየት እንደመጣችም ይንገራቸው። የሩቅ እንግዳ መሆኗን ያወቀ ልጅ ድንጋይ ለማንሣት እጁ አይፈጥንም።