ቦዩ ሳይደፈን

ፋይበር ሲቆረጥ የተቆረጠበትን ቦታ የሚነግረን ብርሃኑ ራሱ ነው። ጣቢያ ሆነን ኦቲዲአር በሚባል መሣሪያ ብርሃን እንልካለን፤ ከተሰበረው ጫፍ ነጥሮ ሲመለስ መሣሪያው የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርቀት ይለውጥልናል። በመስታወት ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መልሱ ወዲያው ይመጣል። ባለፈው ሰኔ አንድ ማለዳ ስክሪኑ ላይ የወጣው ቁጥር 17.4 ኪሎ ሜትር ነበር።

ቦታውን አውቀዋለሁ። የሰሜን ሸዋ፣ የጅሩ ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ ያስወልቃል። ማታውን ዝናብ ጥሎ ስላደረ መኪናውን ጠጠሩ ካለቀበት አቆምነው። እኔ የመበየጃ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ባልደረባዬ የገመዱን ጥቅል በትከሻው ተሸክሞ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተጓዝን።

ገመዱን የቆረጠው የውኃ መውረጃ ቱቦ ሊቀብር የመጣ ኤክስካቫተር ነው። አፈሩን ከነገመዱ ገልብጦታል። እኔን ያቆመኝ ግን ቁራጩ አልነበረም። የተቆረጠበት ዙሪያ በእሾህ ታጥሯል። ሁለቱ የገመድ ጫፎች በፌስታል ተሸፍነው በልጥ ታስረዋል። አጠገቡ አንድ አዛውንት ገበሬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከዋዜማው ጀምሮ ከቦታው ብዙም አልራቁም።

«ከብቱ እንዳይረግጠው ብዬ ነው ልጄ፤ የመንግሥት ዕቃ ነው መቼም» አሉኝ።

በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጫፉን ከውኃ መከላከል ማንም ያላስተማራቸው ሰው ትክክለኛውን ነገር ሲያደርጉ ማየት ልብ ይነካል። ገመዱ ውስጥ ውኃ ቢገባ ኖሮ ብዙ ሜትር ቆርጠን ለመጣል እንገደድ ነበር።

ድንኳኑን ተከልንና ሥራ ጀመርን። ገመዱ 24 ኮር ነው፤ 24 የመስታወት ክሮች ማለት ነው። የእያንዳንዱ መስታወት ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ ስምንተኛ ሲሆን፣ ብርሃኑ የሚያልፍበት እምብርት ግን የሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ አይሞላም። ሁለት እንዲህ ያሉ እምብርቶችን ፊት ለፊት አጋጥሞ መበየድ ነው እንጀራዬ። ሰማያዊው መጀመሪያ፣ ብርቱካናማው ቀጥሎ፣ ከዚያ አረንጓዴው፤ የቀለማቱ ቅደም ተከተል አይዛባም። ሽፋኑ ይላጣል፤ መስታወቱ በአልኮል ሲጠረግ ሲጢጥ ካላለ ገና አልጠራም። ከዚያ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ይቀልጥና አንድ ይሆናል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከገባች ሁሉም እንደገና ነው። የተቆረጠችውን ስባሪ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ እንጥላለን፤ ቆዳ ውስጥ ከገባች በዓይን ፈልጎ ማውጣት አይቻልምና። ለማየት የተጠጉትን ልጆች «ወደ ኋላ በሉ» ያልኩት ለዚህ ነበር።

አባባ ከድንኳኑ አፍ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና «ይህ ሁሉ ክር ሥራ አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

«የለውም አባባ። ብርሃን የሚያልፍባቸው 8ቱ ናቸው። 16ቱ ለወደፊት የተተዉ ናቸው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በበትራቸው ወደ ላይኛው ጉብታ እያመለከቱ፣ «ታዲያ ከ16ቱ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ብትሰጡትስ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በየሄድኩበት ሰምቼዋለሁ። መስመራችን በስንት መንደር ደጃፍ ያልፋል! ሰው ይጠብቀዋል፣ ሲያርስ ይጠነቀቅለታል፣ ሲቆረጥ ይደውልልናል፤ ቤቱ ግን አይገባም። ብዙ ጊዜ የምመልሰው «ከበላይ ነው» ብዬ ነበር። ያን ቀን ግን እንዲያ ማለት አልሆነልኝም፤ ምክንያቱም ይህ ቦይ መጀመሪያ ሲቆፈር ነበርኩበት።

ያኔ ወጣት ቴክኒሻን ነበርኩ። በዶማና በአካፋ የቆፈሩት የአካባቢው ጎረምሶች ናቸው፤ በክረምት የሚያብጠውን፣ በበጋ የሚሰነጠቀውን ይህን ጥቁር አፈር ከአንድ ሜትር በላይ ጥልቀት አወጡት። ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ አለቃዬን «እዚህ ሃንድሆል አንተውም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ዲዛይኑ ላይ የለም» አለኝ። ሥራው የሚለካውም የሚከፈለውም በተዘረጋ ኪሎ ሜትር ነው፤ ስንት ቤት፣ ስንት ትምህርት ቤት ደጅ ደረሰ የሚል መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። ዝም አልኩ። ቦዩ ተደፈነ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ነገሩ ለምን ቦዩ ክፍት እያለ መወሰን እንዳለበት ላስረዳ። ፋይበር ሲዘረጋ ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚበላው ቁፋሮው ነው፤ መስታወቱ ርካሽ ነው። አንድ መንደር አጠገብ ሃንድሆል መተው፣ ማለትም 20 ሜትር ያህል ገመድ ጠቅልሎ ማስቀመጥና በኮንክሪት ክዳን መሸፈን፣ ቦዩ ክፍት ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከተደፈነ በኋላ ግን ያንኑ ገመድ ለመክፈት እንደገና መቆፈር አለ። ትርፍ ገመድ ስለሌለው ወደ ሥራ ጠረጴዛው አይወጣም፤ ሥራ ላይ ያሉትን 8 ኮሮች ሳይነኩ ለማለፍ መጨነቅ አለ፤ በእነሱ ላይ የወረዳ ከተማ ባንክ፣ ሆስፒታልና የሞባይል ማማ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ማንም ኃላፊ «ክፈቱት» ብሎ አይፈርምም። የመንደሩ ዕጣ የሚወጣው አፈሩ በሚመለስበት ቀን ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቴክኒኩ የሚቻል መሆኑ ነው። ዛሬ ለከተማ ቤቶች የምንጠቀምበት ጂፖን የሚባለው ዘዴ አንዱን ኮር በስፕሊተር ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያከፋፍላል። ስፕሊተሩ መብራት አይፈልግም፤ ብርሃኑን የሚከፍል መስታወት ብቻ ነው። መብራት ባልገባበት መንደር ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገጠር ሰው ያውቃል፤ ተቀባዩ ጋ ያለችውን ትንሽ መሣሪያ አንድ የሶላር ፓነል ይበቃታል። ዘዴው ከጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሠራል። ያን ማለዳ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ቁጥር ደግሞ 17.4 ነበር። ከ16ቱ ሥራ ፈት ኮሮች አንዷ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ኬላውን፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱን፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛውንና ወፍጮ ቤቱን አገናኝታ ለሌሎችም ትተርፋለች።

«የሞባይል ማማ አለ፣ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ማማው ለብዙ ነገር መጥቀሙን አልክድም። አርሶ አደሩ በ8028 ደውሎ በተራ ስልክ የግብርና ምክር ይሰማል፤ ለዚያ ድምፅ ከደረሰ በቂ ነው። ግን በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌቷን በነጠላዋ ጠቅልላ በአጠገባችን ስታልፍ ወደ ድንኳኑ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ኔትወርኩ ዛሬ ይመለሳል?»

ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኋት። ወደ ጉብታው ነው። ድሮ በወረቀት የቤተሰብ ፎልደር ላይ የምትሞላውን አሁን በታብሌት ነው የምትመዘግበው። ሥርዓቱ ያለ ኔትወርክም ይመዘግባል፤ ወደ ላይ የሚልከው ግን ኔትወርክ ሲያገኝ ነው። ጤና ኬላው ረባዳ ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ መጨረሻ ጉብታው ላይ ትወጣለች። የሦስት ነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳምንቱ ሥራዋ ሁሉ ታብሌቷ ውስጥ ነው። ያን ቀን ብትወጣም አይሆንላትም ነበር፤ ለጉብታው ኔትወርክ የሚሰጠው ማማ የሚቀለበው እኔ በእጄ ከያዝኩት ገመድ ነበርና። ማማም ቢሆን ሥሩ ፋይበር ነው። ማይክሮዌቭ የሚጠቀመውም ከኋላው አንድ ቦታ ላይ ከፋይበር ጋር ይገናኛል። «እኅቴ፣ ከሰዓት በኋላ ሞክሪ» አልኳት። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

አገራችን በርቀት ለተቀመጠው ሕዝብ ሳታስብ ቀርታ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ለጊዜው ታላቅ ሥራ ነው። ያ መስመር ከማዕከል ተነሥቶ ማዕከል ሲደርስ በመካከል ያለው ገጠር የምሰሶ መቆሚያ ሆነ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔትና ስኩልኔት መጡ፤ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ተገናኙ፣ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ያ ትውልድ የፕላዝማውን መምህር ያስታውሳል። ሳተላይቱ ከምድር ወደ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ከግማሽ ሴኮንድ በላይ ይፈጃል። ለማዳመጥ ይሆናል፤ ለመነጋገርና ለብዙ ሰው ለማካፈል ይጠባል። ቀጥሎ እያንዳንዱ የገጠር ነዋሪ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስልክ ያግኝ የሚል ግብ ተያዘ። ይህኛውን ከሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም መለኪያው የገመዱ ርዝመት ሳይሆን የሰውየው እግር ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከከፈተ ወዲህ የከተማው ደንበኛ አማራጭ አገኘ። ውድድር ግን ወደ ጅሩ ዋልካ በራሱ አይወርድም፤ ገንዘቡ ያለበትን ይከተላል። የገጠሩን ቤት መቁጠር የመንግሥት ድርሻ ነው።

የሚቆጠረው ነገር ለውጥ እንደሚያመጣ በሌላ አገርም አይተናል። ህንድ በ2011 እ.ኤ.አ. 250 ሺህ የመንደር ምክር ቤቶችን በፋይበር ለማገናኘት ተነሣች። የሚቆጠረው ምክር ቤቱ ስለነበር ገመዱ በብዙ ቦታ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ቆመ፤ ኋላ ከዚያ ወደ ቤቶች የሚወስድ ሌላ ፕሮግራም መጨመር ግድ ሆነ። አየርላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ውል ስትፈርም ግን የተጻፈው 537 ሺህ ቤትና የሥራ ቦታ ነበር። በየማሳው ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ እዚያም አለ። አቅማችን እንደ አየርላንድ አይደለም፤ በየጎጆው ፋይበር ይግባ ብዬ ዛሬ አልጠይቅም። አቆጣጠራቸውን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም፤ መስመሩ በሚያልፍበት ሁሉ ያለ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ በዲዛይኑ ላይ በስም ይጻፍ።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። አባባ ያሉት ትክክል ነበር፤ ከእኔም ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። ገመዱ ተቆርጧል፣ ቦዩ ተከፍቷል፣ አገልግሎቱም አስቀድሞ ተቋርጧል። ለዓመታት ማንም የማይፈርምበት ነገር በኤክስካቫተር ስህተት ተሠርቶ ፊቴ ተቀምጧል። ለጥገናው የሚያስፈልገን 15 ሜትር ገመድ ነበር። ባልደረባዬን አየሁት። ምንም ሳልናገር ጥቅሉን ዘርግቶ 35 ለካ።

24ቱን በሁለቱም ጫፍ በይደን ስንጨርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። ትርፉን 20 ሜትር በክብ ጠቅልለን፣ 16ቱን ሥራ ፈት ኮሮች ብየዳው በሚቀመጥበት ሣጥን፣ በክሎዠሩ ውስጥ ለይተን ምልክት አድርገን፣ በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍነን አስቀመጥነው። ከላዩ ማስጠንቀቂያው ሪባን፣ ከዚያ አፈር። ጎረምሶቹ አካፋ ይዘው መጡ፤ አንዳንዶቹ ያኔ የቆፈሩት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ጣቢያ ደወልኩ። «መጣ?»

«መጥቷል።»

አባባ ስልኩን ሰምተው «ብርሃኑ ሄደ?» አሉኝ።

«ሄዷል አባባ፤ ደርሷልም።»

«በል፣ ደኅና ይግባ» አሉ፤ መንገደኛ እንደሚሸኙ። ከዚያ ከማሳቸው ዳር አንድ ነጭ ድንጋይ እያንከባለሉ አምጥተው ጥቅሉ ካለበት በላይ ተከሉት። ልጅቱ ታብሌቷን ይዛ ጉብታውን መውጣት ጀምራለች።

ማታ መኪና ውስጥ ሆኜ የጥገና ቅጹን ሞላሁ። የተቆረጠበት ምክንያት፣ የፈጀው ሰዓት፣ የእያንዳንዱ ብየዳ ልኬት። ከታች «አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሰረዝ ነው የማደርግበት። ያን ዕለት እንዲህ ጻፍኩበት፦ «20 ሜትር ትርፍ ገመድ ተቀምጧል። ምልክቱ ነጭ ድንጋይ ነው። ትምህርት ቤቱ 600 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጤና ኬላው ከዚያ ያንሳል። 16 ኮር ክፍት ነው።»